የላኩት ኢሜይል ስፓም ውስጥ እንዳይቀር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ትራንዚተሮች፣ ቡና ላኪዎችና ሆቴሎች ዝርዝር መመሪያ

ከድሬዳዋ ጅቡቲ ላለ ወኪል የተላከ የዕቃ ዝርዝር በተቀባዩ ስፓም (የማይፈለጉ ኢሜይሎች) ማኅደር ውስጥ ሦስት ቀን ከተኛ፣ ኮንቴይነሩም ወደብ ላይ አብሮት ይተኛል፤ የወደቡ ሒሳብ ግን አይተኛም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ የላከው የክፍል ማረጋገጫ ካልደረሰ ደግሞ እንግዳው ዝም የተባለ መስሎት ሌላ ቦታ ይይዛል። ላኪው «ልኬአለሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው ጽሑፉ ውስጥ ነው፤ «ቅናሽ» እና «ነጻ» የሚሉትን ቃላት ያወጣል፣ ቃለ አጋኖውን ይቀንሳል። ይህ ከመጨረሻው መጀመር ነው። የተቀባዩ ስፓም ማጣሪያ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ማን ነህ? ማስረጃህስ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «እስከ ዛሬ ምን ዓይነት ላኪ ነበርክ?» ይላል። የጽሑፉ ይዘት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

ለጭነት ሥራ ቅርብ የሆነ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። መኪና ኬላ ሲደርስ ሦስት ነገር ይታያል፦ መኪናው ይህን ዕቃ እንዲጭን የተፈቀደለት ነው ወይ፣ ፕሎምፑ (ማሸጊያው) አልተነካም ወይ፣ ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከባለ ዕቃው ስም ጋር አንድ ነው ወይ። በኢሜይል ዓለም እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ የሚመልሱት ኤስፒኤፍ (SPF)፣ ዲኪም (DKIM) እና ዲማርክ (DMARC) የሚባሉት ማረጋገጫዎች ናቸው።

መጀመሪያ ኢሜይልዎን ምን እንደገጠመው ይለዩ

ተመልሶ የመጣ ኢሜይል ካለ አይሰርዙት። ውስጡ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይገኛል። በ5 የሚጀምር ከሆነ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ያንኑ ደግሞ መላክ አይጠቅምም። በ4 ከጀመረ «ለጊዜው አልቀበልም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ስለሆነ የእርስዎ ሰርቨር ራሱ ይደጋግማል። አጠገቡ በነጥብ የተለያየ ሌላ ቁጥር አለ። 5.1.1 አድራሻው የለም ማለት ነው። 5.2.2 የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል። 5.7.1 በፖሊሲ ተከልክሏል። ከጂሜይል 5.7.26 ከመጣ ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም ማለት ነውና ቀጥሎ ያሉት ሦስት ክፍሎች የተጻፉት ለእርስዎ ነው።

ተመልሶ የመጣ ነገር ከሌለ ይህን ሙከራ ያድርጉ። ከቢሮ አድራሻዎ ወደ ግል ጂሜይልዎ አንድ መልእክት ይላኩ። በኮምፒውተር ብራውዘር ይክፈቱትና በመልእክቱ ቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ይምረጡ። ከላይ በሚታየው ሠንጠረዥ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ እያንዳንዳቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» የሚል ምልክት ይኖራቸዋል። በዲኪም መስመር ላይ የተጻፈው ዶሜን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ ያለው ስም) የራስዎ መሆኑንም ይመልከቱ፤ «ፓስ» ብሎም የሌላ ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል። ሙከራውን ከድረ ገጹ ቅጽና ከሒሳብ ፕሮግራሙ ለሚወጣውም ለየብቻ ይድገሙት። ከቢሮው ኮምፒውተር የተላከው ደኅና ሆኖ ከድረ ገጹ የወጣው መውደቁ እጅግ የተለመደ ነው።

ኤስፒኤፍ፦ በስምዎ የሚልከው ማን ነው?

ኮምፒውተሩን ከመንካትዎ በፊት ወረቀት ይያዙ። በዶሜንዎ ስም ኢሜይል የሚልከውን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ የቢሮው ኢሜይል አገልግሎት፣ ድረ ገጹ፣ የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌሩ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ለደንበኞች በጅምላ የሚላክበት አገልግሎት። ስካን አድርጎ በቀጥታ በኢሜይል የሚልከውን የቢሮ ማሽንም ይጨምሩ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

አሁን የዶሜንዎን ዲኤንኤስ፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች ስለ ዶሜንዎ የሚጠይቁትን መዝገብ፣ ይክፈቱ። ዶሜኑን የገዙበት ድርጅትና ዲኤንኤሱ የሚተዳደርበት ቦታ የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ አይርሱ። ሪከርዱ (መዝገቡ ላይ የሚጻፈው መስመር) መግባት ያለበት ኔምሰርቨሩ (ስለ ዶሜኑ ለሚጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰርቨር) የሚያመለክተው ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የተጻፈውን ማንም አያየውም። ለውጡ ቶሎ እንዲታይ፣ ሪከርዱን ከመቀየርዎ አንድ ቀን ቀድመው የቲቲኤል ቁጥሩን (ሌሎች የቀድሞውን መረጃ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱት፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ 3600 ይመልሱት።

የሪከርዱ ዓይነት ቲኤክስቲ (TXT፣ ተራ ጽሑፍ) ነው። ጽሑፉ በኤስፒኤፍ ሥሪት ምልክት ይጀምራል፣ በመሐል ለእያንዳንዱ የተፈቀደ ላኪ አንድ «ኢንክሉድ» ወይም የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) ይገባል፣ በ«ኦል» ያልቃል። የኢንክሉዱን ትክክለኛ ጽሑፍ ከአገልግሎት ሰጪው የእገዛ ገጽ ይቅዱ እንጂ በእጅ አይጻፉ። ከ«ኦል» በፊት የሚገባው ምልክት ወሳኝ ነው። ~ ማለት ከዝርዝሩ ውጭ የመጣውን ተጠራጠሩት፣ - ማለት አትቀበሉት ነው። + ግን በፍጹም አያስገቡ፤ ዓለም ሁሉ በስምዎ እንዲልክ መፍቀድ ነውና። በ~ ይጀምሩ።

የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ሁለተኛ የኤስፒኤፍ ሪከርድ መፍጠር ነው። ለአንድ ዶሜን የሚፈቀደው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ አዲሱ ኢንክሉድ የሚገባው የቀድሞው መስመር ውስጥ ነው። ሁለተኛው የ10 ፍለጋ ገደብ ነው፤ ተቀባዩ ሪከርዱን ሲፈትሽ ዲኤንኤስን ከ10 ጊዜ በላይ እንዲጠይቅ አይፈቀድም። በሪከርዱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኢንክሉድ፣ «ኤ» እና «ኤምኤክስ» የሚል ቃል አንድ ይቆጠራል፤ በኢንክሉድ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኢንክሉዶችም ይቆጠራሉ። በቀጥታ የተጻፈ አይፒ አድራሻ ግን አይቆጠርም። ድምሩ 10 ካለፈ ሪከርዱ በሙሉ ስሕተት ነው የሚባለው። ስለዚህ መጠቀም ያቆሙትን አገልግሎት ያውጡ።

ኤስፒኤፍ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት አለ። የሚመረምረው አንባቢው የሚያየውን የላኪ ስም ሳይሆን ከጀርባ ያለውን የመመለሻ አድራሻ ነው። በዚያ ላይ ተቀባዩ ኢሜይሉን ወደ ሌላ ሳጥን በራሱ እንዲተላለፍ አድርጎ ከሆነ፣ መልእክቱ በመጨረሻ የሚደርሰው እርስዎ ካልፈቀዱት ሰርቨር ስለሚሆን ኤስፒኤፍ ይወድቃል። የአውሮፓ ቡና ገዢዎች የግዢ ክፍላቸውን አድራሻ ወደ ሠራተኞች ሲያስተላልፉ የሚከሰተው ይህ ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው ፕሎምፑ ነው።

ዲኪም፦ ያልተነካ ፕሎምፕ

ዲኪም እያንዳንዱን መልእክት በሚስጥር ቁልፍ ይፈርማል። ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ ባስቀመጡት የአደባባይ ቁልፍ ያረጋግጠዋል። የቁልፉ ርዝመት 2048 ቢት ይሁን።

በጉግል ወርክስፔስ የአስተዳዳሪ ገጽ ውስጥ በጂሜይል ቅንብር ሥር «ኦተንቲኬት ኢሜይል» የሚለውን ይፈልጉ፣ ቁልፉን ያመንጩ፣ የተሰጠዎትን ስምና እሴት ዲኤንኤስ ላይ ያስገቡ። ከዚያ ተመልሰው «ስታርት ኦተንቲኬሽን» የሚለውን ይጫኑ። ብዙዎች ሪከርዱን አስገብተው ይህን ቁልፍ ሳይጫኑ ይተዉታል። ያኔ ጉግል በራሱ ዶሜን ስለሚፈርም ዲኪም «ፓስ» ይላል፣ ስሙ ግን የእርስዎ አይሆንም፤ ዲማርክ ላይ አይረዳዎትም። በማይክሮሶፍት 365 የሚገቡት ሁለት የሲኔም (ወደ ሌላ ስም የሚመሩ) ሪከርዶች ናቸው፤ ሁለቱም ከገቡ በኋላ ፊርማውን ከአስተዳዳሪው ገጽ ማብራት ይቀራል። በተራ ሆስቲንግ ከሆነ በሲፓነል (በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» የሚለው ገጽ ሥራውን ያቀልልዎታል።

ቁልፉ ገብቶም ካልሠራ እነዚህን ይመርምሩ። አብዛኞቹ የዲኤንኤስ ገጾች የዶሜኑን ስም በራሳቸው ይጨምራሉ፤ እርስዎም ሙሉውን ስም ከጻፉ ዶሜኑ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ቁልፉ በቴሌግራም ወይም በወርድ ፋይል ሲላላክ የመስመር መቆራረጥ ወይም የተቆለመመ ጥቅስ ይገባበታል፤ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይላላኩት። አንድ የቲኤክስቲ ቁራጭ ከ255 ቁምፊ ስለማይበልጥ የ2048 ቢት ቁልፍ በሁለት ቁራጭ መግባት ሊኖርበት ይችላል። በመጨረሻም መልእክቱ ከተፈረመ በኋላ ግርጌው ላይ ጽሑፍ የሚጨምር አንቲቫይረስ ወይም ሰርቨር ካለ ፊርማው ይሰበራል። ፕሎምፑ ከታሰረ በኋላ ኮንቴይነሩን ከፍቶ አንድ ካርቶን እንደመጨመር ነው።

ዲማርክ፦ ሰነዱ ካልተስማማ ምን ይደረግ?

ዲማርክ አንባቢው የሚያየው የላኪ ዶሜን በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ከተረጋገጠው ዶሜን ጋር አንድ መሆኑን ያያል። ከሁለቱ አንዱ ቢስማማ ይበቃል። ሪከርዱ ከፊቱ የሥር ሰረዝ ያለበት «ዲማርክ» (_dmarc) በሚል ስም ይገባል። መመሪያው ሦስት ደረጃ አለው፦ «ነን» ማየት ብቻ፣ «ኳራንቲን» ወደ ስፓም መክተት፣ «ሪጀክት» መመለስ።

በ«ነን» ይጀምሩና የሪፖርት መቀበያ አድራሻ ያስገቡ። በየቀኑ የታመቁ ፋይሎች ይመጣሉ፤ ብዛታቸው ስለሚያሰለች ለብቻቸው ሳጥን ይክፈቱላቸው። በነዚህ ፋይሎች ውስጥ በስምዎ የላከው እያንዳንዱ አይፒ አድራሻ ይታያል። ያስታወሱት ሁሉ «ፓስ» እስኪል ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቁ፤ አንድ ሙሉ የሒሳብ መዝጊያ ማለፍ አለበት፤ በወር አንዴ ብቻ ኢሜይል የሚያወጣ ፕሮግራም ይኖራልና። ከዚያ ወደ ኳራንቲን፣ ቀጥሎም ወደ ሪጀክት ያሳድጉ። በችኮላ ሪጀክት ያደረገ ድርጅት የራሱን ደረሰኝ ነው የሚያግደው።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ለብዙ ሰው የሚልኩ ላኪዎች ሦስቱንም እንዲያሟሉ ይጠይቃሉ። ለጂሜይል «ብዙ» ማለት በቀን ወደ 5,000 የግል ሳጥኖች መላክ ነው። ማይክሮሶፍትም ከሜይ 2025 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አምጥቷል። በቀን 40 ኢሜይል የሚልክ የትራንዚት ቢሮ በቁጥሩ ውስጥ ባይገባም፣ ሦስቱን ያሟላ ላኪ ካላሟላው የተሻለ ዓይን ይታያል።

የድረ ገጹ ቅጽ

የሆቴል ድረ ገጽ ላይ እንግዳው ስሙን፣ ኢሜይሉንና የሚመጣበትን ቀን ሞልቶ ይልካል፤ ቅጹም የእንግዳውን አድራሻ «ከ» በሚለው ቦታ አስገብቶ ለእንግዳ ተቀባዩ ይልከዋል። ስሕተቱ ይህ ነው። እንግዳው የያሁ አድራሻ ካለው የእርስዎ ድረ ገጽ ያሁ ነኝ እያለ እየላከ ነው፤ ያሁ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲማርኩ ሪጀክት ነው። ጥያቄው የትም ሳይደርስ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም።

«ከ» የሚለው ላይ የራስዎን ዶሜን አድራሻ ያስገቡ፤ የእንግዳው አድራሻ «መልስ ለ» በሚለው ውስጥ ይግባ። ድረ ገጹም በሰርቨሩ የመላኪያ ፕሮግራም ሳይሆን በኤስኤምቲፒ (በተለመደው የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት)፣ በ587 ፖርት፣ በይለፍ ቃል ገብቶ ይላክ። ዎርድፕረስ ከሆነ ለዚህ የሚሆኑ ፕለጊኖች አሉ። የሆቴሉ አድራሻ ጂሜይል ከሆነም መላክ ያለበት በጂሜይል በራሱ ብቻ ነው።

ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ

ምክራችን አጭር ነው፦ መላኩን ለሌላ ይስጡ። ተለዋዋጭ አይፒ ያለው የቢሮ መስመር እንደ ስፓምሃውስ ባሉ የስፓም መከላከያ ድርጅቶች ዝርዝሮች «ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል መላክ የለበትም» ተብሎ በጅምላ የሚመዘገብ ነው፤ ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ውጤቱ ግን የእርስዎ ነው። ሰርቨርዎ በ587 ፖርት ወደ ታወቀ የማስተላለፊያ አገልግሎት ይላክ። የግድ በቀጥታ ልላክ ካሉ ቋሚ አይፒ ያስፈልግዎታል፤ ከአይፒው ወደ ስም የሚመልሰው ፒቲአር ሪከርድም ያስፈልጋል። ፒቲአርን የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ማለትም ኢንተርኔት አቅራቢው ስለሆነ የእርስዎ ዲኤንኤስ ገጽ ላይ ቢጽፉት አይሠራም። ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ ማመልከት አለበት፤ ሰርቨሩ ሲተዋወቅ የሚናገረው ስምም ያው ይሁን።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣ ኢሜይል ወዲያው አይጠፋም። ሥርዓት ያለው ላኪ ሰርቨር አራት አምስት ቀን እየደጋገመ ይሞክራል። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው፤ የመርከብ ሰነድ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ከሰዓትም ብዙ ነው።

የአድራሻ ዝርዝሩና የቁልቢ ሰሞን

ለታኅሣሥ 19ኙ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ወይም ለሐረሩ የሹዋሊድ በዓል ሆቴሎች ለቀድሞ እንግዶቻቸው ሁሉ በአንድ ቀን ይልካሉ። ዓመቱን ሙሉ በቀን 20 ኢሜይል ሲልክ የቆየ ዶሜን በድንገት 3,000 ሲለቅ ለማጣሪያው የተሰረቀ አካውንት ነው የሚመስለው።

ለታኅሣሥ ከኅዳር መጀመሪያ ይነሡ። በመጀመሪያው ቀን በቅርቡ ላረፉና መልስ ለሰጡ 50 ሰዎች ይላኩ። ተመልሶ የሚመጣው ጥቂት ከሆነ በየሁለት ቀኑ እጥፍ ያድርጉት፤ በ11ኛው ቀን 1,600 ላይ ይደርሳሉ። እምቢታ ከበዛ ባሉበት ይቁሙ። ለዚህ ዓይነቱ መልእክት የተለየ ንዑስ ዶሜን መጠቀም ይመረጣል፤ የማስታወቂያው ስም ቢጎድፍ የደረሰኙ አብሮ አይጎድፍም።

ጂሜይል «ስፓም ነው» ብለው የሚከሱ ተቀባዮች ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ 0.3 በመቶ መድረስ የለበትም። ይህ ለትንሽ ላኪ ጨካኝ ሒሳብ ነው፦ ከ400 ሰው አንዱ ብቻ ቢከስ 0.25 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ የማይፈልግ ሰው በቀላሉ መውጣት መቻል አለበት። በአንድ ጊዜ መጫን የሚያስወጣ ማገናኛ ይኑር፣ ጥያቄውም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈጸም። መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው የስፓሙን ቁልፍ ነው።

የተገዛ የአድራሻ ዝርዝር አይንኩ። «የቡና አስመጪዎች ዝርዝር» እየተባለ የሚሸጠው ውስጥ የሞቱ አድራሻዎችና ስፓመኞችን ለመያዝ የተቀመጡ ወጥመዶች ይኖራሉ። የሆቴል ዝርዝር ደግሞ የሚበላሸው እንግዳ መቀበያው ላይ ነው፤ እንግዳው በእጁ የጻፈው ኢሜይል ሲገለበጥ አንድ ፊደል ይሳታል። እንግዳው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ጮክ ብለው ያንብቡለት። 5.1.1 ብሎ የተመለሰ አድራሻ ያኔውኑ ይውጣ።

ጽሑፉና አባሪው

መላው መልእክት አንድ ምስል አይሁን። የበዓል ፖስተር ለጥፎ ያለ አንድ መስመር ጽሑፍ መላክ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ማጣሪያው የሚያነበው ነገር ስለማያገኝ ይጠረጥራል። የዋጋውንና የቀኑን ዝርዝር በጽሑፍ ያስገቡ። የሚያሳጥሩ ሊንኮችን ትተው የራስዎን ዶሜን ሊንክ ይጠቀሙ።

አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ከዩኒኮድ (ዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ ከሚያነቡት የፊደል ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ኢሜይል ውስጥ ሲለጠፍ ተቀባዩ ዘንድ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ ለሰውም ለማጣሪያም ቆሻሻ ነው። በዩኒኮድ እንደገና ይጻፉት። ድረ ገጽዎ በአማርኛ ርእስ የሚልክ ከሆነም ርእሱ በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) በሥርዓቱ ኢንኮድ መደረጉን የሠራልዎትን ባለሙያ ይጠይቁ፤ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የሚታይ ርእስ የዚህ ጉድለት ምልክት ነው።

የጂሜይል ገደብ 25 ሜጋባይት ቢሆንም አባሪ ሲላክ ሲሶ ያህል ስለሚያብጥ በተግባር 18 ገደማ ነው። የስካን ሰነድ በጥቁርና ነጭ፣ በ200 ዲፒአይ ቢሆን ይነበባል፣ ከ5 ሜጋባይትም አያልፍም። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ አይላኩ፤ ማጣሪያው ሊከፍተው ያልቻለውን ሊያግደው ይችላል።

ሁሉ ተሟልቶ ሳለ በድንገት ከቆመ

ትናንት ይደርስ የነበረው ዛሬ በሙሉ ከተመለሰ፣ በአብዛኛው የአንድ ሠራተኛ ይለፍ ቃል ተሰርቆ በአካውንቱ ስፓም እየወጣ ነው። እንደ ስፓምሃውስ ካለ ዝርዝር ለመውጣት ከመለመንዎ በፊት ምንጩን ይዝጉ፤ ሳይዘጋ የወጣ ሰው ተመልሶ ይገባል። የሰርቨሩን የመላኪያ መዝገብ ከፍተው በሌሊት በብዛት የላከውን አካውንት ይፈልጉ። ይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ ክፍት የሆኑ መግቢያዎችን ሁሉ ያስወጡ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ወረፋ ላይ የቆመውን ስፓም ያጥፉ። ከዚያ በስፓምሃውስ ገጽ አይፒውንና ዶሜኑን ፈልገው የመውጫ ጥያቄ ያቅርቡ።

አንድ ነገር ሳያዩ አይለፉ፦ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የማስተላለፊያ ደንቦች። ሌባው «ኢንቮይስ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ደንብ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ይለፍ ቃል ቢቀየርም ደንቡ ይሠራል። ደንቡን ካገኙ ያጥፉትና በዚያው ዕለት ክፍያ ለሚጠበቅባቸው ገዢዎች በኢሜይል ሳይሆን በስልክ ደውለው የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎ እንዳልተቀየረ ይንገሯቸው።